ሰኔ በልዩ ልዩ የኢትዮጵያ አገሮች፤ ስለ ክረምት መግቢያ የቀረበ ታሪካዊ ጥናት

መግቢያ

ስለ አገራችን ታሪክ የተጻፉትን መጻሕፍት ስንመረምር ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጦርነትና ስለ ሃይማኖት ብዙ እናነባለን፤ ስለ ዝናብ ግን የምናነበው ጥቂት ነው። ነገር ግን ገበሬው የሚያርሰው፣ ከብት አርቢው የሚሰደደው፣ ነጋዴው ጭነቱን የሚያሳድረው፣ ሠራዊቱም የሚዘምተውና የሚከርመው በዝናቡ ትእዛዝ ነው። ስለዚህ የሰማዩን ጠባይ ትተን የምድሩን ታሪክ ብቻ ብንጽፍ ሥራችን ጎደሎ ይሆናል።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው የአንድን ወር፣ ይኸውም የሰኔን ጠባይ ነው። ሰኔን የመረጥንበት ምክንያት ክረምት የሚገባበት ወር ነው ስለሚባል ነው። «ሰኔ ገባ» ሲባል የመኻል አገር ሰው በዓይነ ልቡናው የሚያየው አንድ ሥዕል አለ፤ ደመናው ይከብዳል፣ ነጎድጓድ ይሰማል፣ ገበሬው በሬውን ይጠምዳል፣ መንገዱ ይጨቀያል። ይህ ሥዕል ለሸዋ፣ ለጎጃምና ለጎንደር ደጋ እውነት ነው። ለአገሪቱ በሙሉ ግን እውነት አይደለም። በዚያው ወር በአፋር ምድር ሐሩሩ ይበረታል፤ በቦረና ዝናቡ አልፎ የቀዝቃዛው ደረቅ ወራት ይጀምራል፤ በኢሉባቦር ዝናቡ ከጀመረ ሦስት ወር ሆኖታል፤ በወሎ ደጋ ደግሞ ገበሬው ይዘራ እንደ ሆነ ብቻ ሳይሆን ያጭድ እንደ ሆነም ይጠየቃል። ይህ ልዩነት ከቶ ለጨዋታ ያህል ብቻ የሚነገር አይደለም። የአንዱን አገር ሰኔ የሁሉ ሰኔ አድርጎ መቊጠር በታሪካችን ከባድ ዋጋ እንዳስከፈለ ወደ ኋላ እናሳያለን።

በዚህ ጽሑፍ «እ.ኤ.አ.» ካልተባለ በቀር ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

1. ስለ ስሙና ስለ አቆጣጠሩ

ክረምት የሚለው ቃል በግዕዝ የዝናብን ወራት ብቻ ሳይሆን ዓመትንም ያመለክታል። በአማርኛም ከዚሁ ሥር «ከረመ»፣ «መክረሚያ»፣ «ከርሞ» የሚሉት ቃላት ወጥተዋል። የሚቀጥለውን ዓመት «ለከርሞ» ስንል፣ ብዙ ጊዜ ሳንገናኝ የቆየነውንም ሰው «እንዴት ከረምህ» ስንል ሳናስተውለው ዘመንን በክረምት እንለካለን። ይህም አባቶቻችን የዓመቱን ዋና ምልክት በዝናቡ ላይ እንዳደረጉት ያስረዳል።

በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ዓመቱ በአራት ወቅት ይከፈላል። ክረምት ሰኔ 26 ቀን ገብቶ መስከረም 25 ቀን ይወጣል፤ መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ ሐጋይ (በጋ) ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ፀደይ ደግሞ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ይቆያል። እንግዲህ በሊቃውንቱ አቆጣጠር የሰኔ አብዛኛው ክፍል የሚቈጠረው በፀደይ እንጂ በክረምት አይደለም። ገበሬው ግን የዝናቡን መግቢያ የሚያውቀው በደመናው፣ በነፋሱና በአፈሩ ስለ ሆነ ሃያ ስድስተኛውን ቀን አይጠብቅም። የአየር ጠባይ ባለሙያዎች ደግሞ ዓመቱን በሦስት ይከፍሉታል፤ ይኸውም ከጥቅምት እስከ ጥር በጋ፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት በልግ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ክረምት ነው። ሦስቱም አቆጣጠሮች ለየሥራቸው የሚጠቅሙ ናቸው፤ ሦስቱም ግን በመኻልና በሰሜን ደጋ ያለውን ሰማይ ተመልክተው የተሠሩ መሆናቸውን ልንዘነጋ አይገባም።

ስለ ሰኔ ሲነገር «ሰኔና ሰኞ» የሚለውን ማለፍ አይቻልም። የሰኔ መባቻ ሰኞ የዋለ እንደ ሆነ ዓመቱ ክፉ ይሆናል የሚል አሮጌ እምነት አለ። ሒሳቡን ብንመለከት ከመስከረም 1 እስከ ሰኔ 1 ያለው 270 ቀን ስለ ሆነ ሰኔና ሰኞ የሚገጥሙት እንቍጣጣሽ ሐሙስ በዋለበት ዓመት ሁሉ ነው። በ2007 እና በ2018 ዓ.ም. ያለው አቆጣጠር እንዲህ ነው። የ2007 ዓ.ም. ክረምት በእርግጥ ክፉ ነበር። ነገር ግን በ1965 ዓ.ምና በ1976 ዓ.ም.፣ ከሁሉ የከፉት የረኃብ ዘመናት በደረሱ ጊዜ፣ የሰኔ መባቻ የዋለው ሁለቱንም ጊዜ ዓርብ ነበር። ስለዚህ አባባሉ የሰውን ሥጋት ይነግረናል እንጂ የዝናቡን ጠባይ አይነግረንም። ሥጋቱ ለምን በሰኔ ላይ እንዳረፈ ግን ለመገመት አያስቸግርም፤ ጎተራው የሚጎድለው፣ የዓመቱም ተስፋ ገና በሰማይ ላይ ያለው በዚህ ወር ነውና።

2. ዝናቡ ከወዴት ይመጣል

በሰኔ ፀሐይ ወደ ሰሜን ርቃ ትሄዳለች። ከሰሜንና ከደቡብ ንፍቀ ክበብ የሚመጡት ነፋሳት የሚገናኙበት የዝናብ መቀነትም ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ይጓዛል። ይህ መቀነት በመጋቢትና በሚያዝያ የአገራችንን ደቡብ አልፎ በሐምሌና በነሐሴ ወደ ሰሜን ጫፍ ይደርሳል፤ ከዚያም ይመለሳል። ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው እርጥብ አየር በደጋው ተራራ ላይ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ዝናብ ይሆናል። ስለዚህ ዝናቡ ከሁሉ አስቀድሞ የሚገባውና ከሁሉ ዘግይቶ የሚወጣው በደቡብ ምዕራብ ነው፤ ወደ ሰሜን ምሥራቅ በሄድን መጠን ዘግይቶ ይገባል፣ ፈጥኖም ይወጣል።

በዚያው ወራት በሶማሌ ጠረፍ ከደቡብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚነፍስ እጅግ ብርቱ ነፋስ አለ። ይህ ነፋስ የሕንድን ውቅያኖስ እርጥበት ወደ ሕንድ ይዞት ያልፋል እንጂ በኦጋዴን ላይ አያወርደውም። በጥንት ጊዜ የሶማሌ ጠረፍ መርከበኞች በዚህ ወራት ሸራቸውን አጥፈው በወደብ ይቀመጡ ነበር፤ ባሕሩ ተዘጋ ይባል ነበርና። ስለዚህ አንዱ የሰማይ ሥርዓት ለጎጃም ዝናብን፣ ለጎዴ ደረቅ ነፋስን በአንድ ጊዜ ያመጣል። የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር በዚህች በአንዲት ዐረፍተ ነገር ውስጥ አለ ለማለት ይቻላል።

በዚህ ስፍራ ስለ ትርጉም አንድ ነገር እንጨምራለን። በአውሮፓ አቆጣጠር ሰኔና ሐምሌ የሙቀት ወራት ናቸው፤ በእኛ ደጋ ግን ሰው ጋቢውን የሚደርብባቸው፣ እሳት ዳር የሚቀመጥባቸው ወራት ናቸው። የአውሮፓን መጻሕፍት የተረጐሙ ሰዎች የብርዱን ወራት ክረምት፣ የሙቀቱን ወራት በጋ እያሉ ስለ ጻፉ ተማሪው በሰኔ መስኮቱን ዘግቶ ሰኔ የበጋ ወር ነው የሚል መጽሐፍ ሲያነብ ይኖራል። ክረምት በእኛ ዘንድ የዝናብ ስም ነው፤ ብርዱ የሚመጣው ደመናው ፀሐይን ስለሚጋርድ ነው።

3. የደጋው ሰኔ፤ ሸዋ፣ ጎጃምና ጎንደር

በእነዚህ አገሮች በግንቦት የነበረው ሙቀት በሰኔ መጀመሪያ ይሰበራል። ጠዋቱ ብዙ ጊዜ ብራ ሆኖ ይነጋል፤ ከቀትር በኋላ ደመናው ይሰበሰባል፣ ነጎድጓድና መብረቅ ይሆናል፣ አልፎ አልፎም በረዶ ይወርዳል። ሐምሌ ሲገባ ነጎድጓዱ እየቀነሰ ዝናቡ ቀኑን ሙሉ የሚያካፋና የሚጥል ይሆናል። በአዲስ አበባ ከዓመቱ ዝናብ ግማሽ ያህሉ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ሰኔ መግቢያው ነው።

ገበሬው ማሽላውንና በቆሎውን ቀደም ብሎ በሚያዝያና በግንቦት ይዘራል። ገብሱን በሰኔ፣ ስንዴውን በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ፣ ጤፉን ደግሞ መሬቱን ደጋግሞ አርሶ በሐምሌ ይዘራል። በዚህ ወር የአንድ ሳምንት መዘግየት የዓመት እንጀራ ሊያሳጣ ስለሚችል በደቦና በወንፈል መረዳዳት የሚበዛው ያን ጊዜ ነው። በሬ የሌለው ሰው ችግሩ የሚገለጠውም በሰኔ ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በቆየው ክፉ ቀን የከብት በሽታ በሬውን ሁሉ በጨረሰ ጊዜ ዝናቡ ቢመጣም የሚያርስ አልነበረም። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቈፈር ለሕዝቡ ምሳሌ እንደ ሆኑ የሚነገረው በዚያን ጊዜ ነው። ከዚህም ረኃብ የሚመጣው ሰማዩ ሲጨክን ብቻ እንዳልሆነ እንማራለን፤ የሰኔ ዝናብ ያለ በሬ ከንቱ ነውና።

የመንግሥቱም ታሪክ በዚሁ ወር የተገታ ነው። ነገሥታቱ በበጋ በድንኳን እየተዘዋወሩ፣ በክረምት ግን ወንዙ ስለሚሞላና መንገዱ ስለሚጠፋ በአንድ ስፍራ ይከርሙ ነበር። በአሥራ ስድስተኛውና በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት እ.ኤ.አ. የጣና ዙሪያ የነገሥታት መክረሚያ ሆኖ ቈየ፤ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን ጎንደር የተቈረቈረችውም ከዚሁ ልማድ በኋላ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 እና በ1771 እ.ኤ.አ. በጎንደር ሳለ የወረደውን ዝናብ ለክቶ በመጽሐፉ ጽፏል፤ ይህም ስለ አገራችን ዝናብ በመሣሪያ ተለክቶ ከተጻፈው ሁሉ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው።

የውጭ ጠላትም ይህን ያውቅ ነበር። የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ በዘመተ ጊዜ ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሲሞቱ ጦሩ ጊዜ ሳያጠፋ ወደ ጠረፍ ተመልሶ በሰኔ ከዙላ ተሳፍሮ ነበር። የኢጣልያ ጦር ደግሞ ክረምቱ ሊወጣ ሲል መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻገረ፤ ክረምቱም ሳይገባ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ። ሰኔና ሐምሌ በደረሱ ጊዜ መንገዱ ስለ ጨቀየ በከተማው ያለው ጠላት እንደ ተከበበ ሆነ፤ አርበኞቹም ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ላይ አደጋ ጣሉ። ነገር ግን ያው ዝናብና ያው የወንዝ ሙላት የአርበኞቹን ወገኖች እርስ በርስ እንዳይገናኙ ስላደረጋቸው ድሉ አልተገኘም። ክረምት ለማንም አያዳላም።

4. ወሎና ትግራይ

በወሎና በሰሜን ሸዋ ከፍተኛ ደጋ፣ ለምሳሌ በደላንታ፣ በመቄትና በመንዝ ከፊል ስፍራዎች፣ ሰኔ ሌላ መልክ አለው። በዚያ ያለው ገበሬ ከክረምቱ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚተማመነው በበልጉ ላይ ነው። በክረምት ብርዱ፣ በረዶውና የውሃው መተኛት ሰብሉን ስለሚጐዱበት ገብሱን በጥርና በየካቲት ዘርቶ በሰኔና በሐምሌ ያጭዳል። ስለዚህ በጎጃም የዘር ወር የሆነው ሰኔ በዚህ ስፍራ የአጨዳ ወር ነው። በልጉ የተቃና እንደ ሆነ በሰኔ እሸት ይቀመሳል፤ በልጉ የቀረ እንደ ሆነ ግን በአረንጓዴ ሜዳ መኻል ረኃብ ይገባል። የክረምቱ ዝናብ በጊዜው መጥቶ መሬቱ ለምልሞ ሳለ ሰው የሚበላው ያጣል። ከሩቅ የመጣ ሹም ይህን ቢያይ «አገሩ ደኅና ነው፣ ዝናቡም ገብቷል» ብሎ መጻፉ አያስደንቅም።

ወደ ትግራይ ስንሻገር ዝናቡ ይዘገያል። በመቀሌ አካባቢ ሰኔ ገና ደረቅና ነፋሻ ነው፤ እውነተኛው ዝናብ የሚገባው በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ሆኖ መስከረም ሳይገባ ያበቃል። ዓመታዊው ዝናብ 600 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን አብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። እንግዲህ የትግራይ ገበሬ ዓመቱን ሙሉ የሚያኖረው ዝናብ የሁለት ወር እድሜ ያለው ነው። ክረምቱ ሦስት ሳምንት ቢዘገይበት የሸዋው ገበሬ ያዝናል፣ የትግራዩ ገበሬ ግን ይሰደዳል።

5. ምዕራብ፤ ኢሉባቦርና ጋምቤላ

በጎሬና በአካባቢው ዝናቡ በመጋቢት ይጀምርና እስከ ጥቅምት ይቆያል፤ የዓመቱም ድምር 2,000 ሚሊ ሜትር ያህል ይደርሳል። በዚያ ለሚኖር ሰው «በሰኔ ክረምት ገባ» ቢሉት ነገሩ እንግዳ ይሆንበታል። ቡናው በየካቲትና በመጋቢት ዝናብ አብቦ በሰኔ ፍሬው እየጠነከረ ነው፤ ደኑ ጭጋግ ለብሶ ይውላል።

ከጎሬ ቁልቁል ወደ ባሮ ሜዳ ስንወርድ ደግሞ የሰኔ ታሪክ ተገልብጦ እናገኘዋለን። በሌላው አገር ክረምት መንገድ ይዘጋል፤ በጋምቤላ ግን መንገድ ይከፍት ነበር። በ1894 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር ባደረጉት ውል በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ፈቀዱ። የባሮ ውሃ በበጋ ስለሚጐድል መርከብ አይሄድበትም ነበር፤ ክረምት ሲገባ ግን ወንዙ ሞልቶ ከካርቱም የሚመጡት የእንፋሎት መርከቦች እስከ ጋምቤላ ይደርሱ ነበር። ጨውና ልዩ ልዩ ሸቀጥ ይዘው መጥተው የጎሬንና የወለጋን ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ስለዚህ የአዲስ አበባ ነጋዴ ሱቁን ዘግቶ ዝናቡ እስኪያልፍ በሚጠብቅበት ወራት የጋምቤላ ነጋዴ ገበያው ይደራለት ነበር። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች በኋላ ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ፤ የመርከቡም ንግድ የቀድሞ ክብሩን አጣ።

ውሃው ከዚያም ርቆ ይሄዳል። የዓባይ ሙላት በግብፅ የሚጀምረው በሰኔ ነበር። የቅብጦች ባውና የተባለው ወር ከእኛ ሰኔ ጋር በአንድ ቀን የሚገባ ሲሆን፣ በዚያ ወር በ11ኛው ሌሊት ከሰማይ አንዲት ጠብታ በዓባይ ላይ ወርዳ ውሃውን ታስነሣዋለች የሚል እምነት በካይሮ ነበር። በማግሥቱ፣ በ12ኛው ቀን፣ የቅዱስ ሚካኤል በዓል ነው፤ በእኛም ዘንድ የሰኔ ሚካኤል የሚከበረው በዚያው ቀን ነው። ያቺ ጠብታ የጎጃምና የወሎ፣ የሸዋና የወለጋ ዝናብ እንደ ነበረች የካይሮ ገበሬ አያይም ነበር። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ከተሠራ ወዲህ የሰኔው ሙላት በካይሮ ቀርቷል።

6. ቆላው፤ አፋርና ድሬዳዋ

በአፋር ሰኔ ከዓመቱ ወራት ሁሉ ሐሩር የበዛበት ነው። በዳሎል፣ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለው ስፍራ፣ ከ1960 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. የተለካው ሙቀት የዓመቱ አማካይ 34.6 ዲግሪ ሆኖ ተገኝቷል፤ ሰው ባለበት ስፍራ ከተለካው ሁሉ ከፍተኛው ይህ ነው ይባላል። አፋሮች ይህን የሐሩር ወራት ሐጋይ ይሉታል። ከዚያ በኋላ በሐምሌ የሚገባው ዝናብ ከርማ ይባላል። በመጋቢትና በሚያዝያ የሚወርደው ደግሞ ሱጉም ነው። በሰኔ ሱጉም አልቋል፣ ከርማም አልደረሰም፤ ወተቱ ይቀንሳል፣ ከብቱ ወደ ወንዝ ዳርና ወደ ደጋው ግርጌ ይጠጋል።

ለአፋር ሕዝብ ሌላ ክረምትም አለው፤ ይኸውም በሌላ አገር ዘንቦ በወንዝ የሚመጣው ነው። አዋሽ ከሸዋ ደጋ ተነሥቶ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ የሚቀር ወንዝ ስለ ሆነ የደጋው ዝናብ ለቆላው ሣር ይሆናል። የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ከተሠራ በኋላ፣ የጥጥና የሸንኮራ አገዳ እርሻም በወንዙ ዳር ከተስፋፋ በኋላ ግን፣ በደረቁ ወራት ከብቱ ይሠማራበት የነበረው መሬት ጠበበ። ሰኔ ለአፋር አርብቶ አደር ቀድሞም ጭንቅ ነበር፤ መሸሻው ሲጠፋበት የባሰ ሆነ።

ድሬዳዋም በሰኔ ሙቀቷ ይበረታል። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ከድሬዳዋ በሸሚዝ የተሳፈረ መንገደኛ ሽቅብ ወጥቶ አዲስ አበባ ሲደርስ ካፖርት ይፈልግ ነበር፤ በአንድ ጉዞ ሁለት ሰኔ ያያል ማለት ነው። የድሬዳዋ ዝናብ ትንሽ ቢሆንም ከላይዋ ባለው የሐረርጌ ደጋ የሚጥለው ዝናብ ደረቁን አሸዋማ ወንዝ በድንገት ሊሞላው ይችላል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከሁለት መቶ በላይ ሰዎች ገድሏል። ከእነርሱ ብዙዎቹ በቤታቸው ተኝተው ነበር። እንግዲህ በቆላ ያለ ሰው የራሱን ሰማይ ብቻ ሳይሆን የጎረቤቱንም ሰማይ ማወቅ ያስፈልገዋል።

7. ሶማሌና ቦረና

በኦጋዴን ዋናው ዝናብ ጉ ይባላል፤ በሚያዝያና በግንቦት ይወርዳል። ሁለተኛው ደይር ሲሆን በጥቅምትና በኅዳር ነው። በመካከላቸው ያለው ሐጋ ደረቅና ነፋሻ ነው፤ ሰኔም የዚህ መግቢያ ነው። የጎዴ የዓመት ዝናብ ከ300 ሚሊ ሜትር በታች ሲሆን በሰኔ የሚወርደው ከምንም አይቈጠርም። ነገር ግን በዚያው በሶማሌ ሕዝብ መኻል በሺኒሌና በጅጅጋ በኩል ከሐምሌ ጀምሮ ካረን የሚባል ዝናብ አለ። ስለዚህ ሶማሌ እንኳ አንድ ሰኔ የለውም።

በቦረና ዓመቱ በአራት ይከፈላል። ገና ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ዋናው ዝናብ ነው፤ አዶሌሳ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ቀዝቃዛና ደረቅ ወራት ነው፤ ሐገያ ከመስከረም እስከ ኅዳር የሚወርደው አነስተኛ ዝናብ ነው፤ ቦና ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ሐሩርና ድርቅ ነው። በአዶሌሳ ሰማዩ በደመና ይሸፈናል፣ ዝናብ ግን አይጥልም። ከብቱ በገና የበቀለውን ሣር ይበላል፤ ቱላ የሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች፣ ሰዎች ተደራርበው ቆመው እያዜሙ ውሃ የሚቀዱባቸው፣ ሥራቸው የሚበዛው ድርቁ በገፋ መጠን ነው። እንግዲህ ለቦረና ሰው በሰኔ ጥያቄው «ዝናቡ ይገባል ወይ?» የሚል ሳይሆን «የገባው ዝናብ በቂ ነበረ ወይ?» የሚል ነው።

8. ስለ ስሞቹ መዘዋወር

እስካሁን የጠቀስናቸውን ስሞች ጎን ለጎን ብናስቀምጣቸው ለታሪክ ተማሪ የሚጠቅም ነገር እናገኛለን። ገና የሚለው የኦሮምኛ ቃል በሸዋና በወለጋ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለውን ክረምት ያመለክታል፤ በቦረና ግን ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለውን። ቃሉ አንድ ነው፤ የዋናው ዝናብ ስም ነው። ሕዝቡ በተዘረጋ ጊዜ ስሙን ይዞ ሄደ፤ ወሩን ግን ለአዲሱ አገር ሰማይ ተወለት።

ሐጋይ ደግሞ የባሰ ተጓዥ ነው። በግዕዝና በትግርኛ ደረቁ በጋ ነው፤ በአፋርኛ ከክረምት በፊት ያለው ሐሩር ነው፤ ይህን የሚመስለው የሶማልኛው ሐጋ ከጉ በኋላ ያለው ደረቅ ነፋሻ ወራት ነው፤ በድምፅ የሚቀርበው የቦረናው ሐገያ ግን የዝናብ ስም ነው። ከርማና ክረምት፣ የአፋር ጊላልና የሶማሌ ጂላልም እንደዚሁ ይመሳሰላሉ። አዝመራ የሚለውም ቃል በአማርኛ ሰብል ሲሆን በትግርኛ በክረምት ፊት ለሚወርደው ዝናብ ይነገራል። እነዚህ ቃላት የሚመሰክሩት ሕዝቦቻችን ከጥንት ጀምሮ ተጐራብተው፣ ተጋብተው፣ በአንድ ገበያ ተገበያይተው እንደ ኖሩ ነው። ቃሉን ተዋውሰዋል፤ ትርጉሙን ግን እያንዳንዱ በገዛ ደጁ ካለው ሰማይ ጋር አስማምቶታል። ይህም ታላቅ ጥበብ ነው።

9. አንድ አቆጣጠር ያስከተለው ጉዳት

መንግሥት ግን ይህን ጥበብ ሁልጊዜ አልተከተለም። የበጀቱ ዓመት ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል፣ ሐምሌ 1 ቀን ይከፈታል፤ ትምህርት ቤትም በሰኔ ፈተና ሰጥቶ ይዘጋል። ይህ ለደጋው ልጅ የሚስማማ ነው፤ በክረምት ወላጁን በእርሻ ይረዳልና። ለአፋርና ለሶማሌ ልጅ ግን ቤተ ሰቡ ውሃ ፍለጋ የሚሰደድበት ወራት ከትምህርት ቤቱ ዕረፍት ጋር አይገጥምም።

ይህ ቀላሉ ጉዳት ነው። ከባዱ የታየው በረኃብ ጊዜ ነው። በ1964 ዓ.ም. በወሎ ክረምቱ ደካማ ነበር፤ በ1965 ዓ.ም. በልጉ ቀረ። በልግ በአገሪቱ የእህል ድምር ውስጥ የሚይዘው ድርሻ ትንሽ ስለ ሆነ ከመኻል ሆኖ ለሚመለከት ሰው ጉዳዩ ቀላል መስሎ ታየ፤ በበልግ ለሚኖረው ገበሬ ግን ሁለንተናው ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያመጡትን ፎቶግራፍ ለተማሪዎች ባሳዩ ጊዜ ነገሩ ተገለጠ፤ መንግሥት ግን ለመሸሸግ መረጠ። በዚያ ረኃብ እጅግ ብዙ ሕዝብ አለቀ፤ በ1966 ዓ.ም. ለተነሣው አብዮትም አንዱ ምክንያት ሆነ። በዚያው ዓመት የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በ1973 ዓ.ም. ደግሞ የሚቲዎሮሎጂ አገልግሎት ራሱን የቻለ ድርጅት ሆነ። በ1976 ዓ.ም. በልጉ እንደ ገና በቀረ ጊዜ ኮሚሽኑ በመጋቢት አስጠንቅቆ ነበር፤ ነገር ግን ማስጠንቀቅና መስማት ሁለት ነገሮች ናቸው።

በ2007 ዓ.ም. በልጉ ቀርቶ ክረምቱም ኤል ኒኞ በተባለው የፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅ ምክንያት ደከመ፤ 10.2 ሚሊዮን ሰዎች የምግብ እርዳታ አስፈለጋቸው። ያ ጊዜ እንደ ቀድሞው ዕልቂት አልሆነም፤ ማስጠንቀቂያው ቀድሞ ስለ ተሰማ ነው። ኤል ኒኞ የሰሜኑን ክረምት ሲያደክም የደቡብ ምሥራቁን የመከር ዝናብ ብዙ ጊዜ ያበረታል። ቦረናና ሶማሌ የተጐዱት በሌላ ጊዜ ነው፤ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወራት በተከታታይ ቀርተው ከብቱ አለቀ። በእነዚያ ዓመታት በደጋው በሰኔ ዝናብ ይዘንብ ነበር። በአዲስ አበባ ጣራ ላይ የሚሰማው የዝናብ ድምፅ ስለ ያቤሎ ምንም አይነግርም።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ እንደ ተመለከትነው ኢትዮጵያ አንድ ሰኔ የላትም። ሰኔ በጎጃም ዘር፣ በደላንታ አጨዳ፣ በመቀሌ ተስፋ፣ በጎሬ የዝናብ እኩሌታ፣ በአፋር ሐሩር፣ በጎዴ ነፋስ፣ በቦረና ደረቅ ደመና ነው። እነዚህን ሁሉ የሚያያይዛቸው አንድ የሰማይ ሥርዓት፣ ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርዱት ወንዞችና ከሕዝብ ወደ ሕዝብ የተሻገሩት ቃላት ናቸው።

ከዚህ ጥናት ሁለት ነገር ይከተላል እንላለን። መጀመሪያ፣ ስለ አንድ ዓመት «ዝናቡ ደኅና ነበር» ተብሎ ሲጻፍ የት አገር፣ የትኛው ዝናብ ተብሎ መጠየቅ አለበት፤ ይህ ጥያቄ በ1965 ዓ.ም. በጊዜው ተጠይቆ ቢሆን ብዙ ነፍስ በዳነ ነበር። ሁለተኛ፣ በየቋንቋው ያለው የወቅት ስም፣ የደመናና የነፋስ ምልክት፣ የመጀመሪያው ዝናብ የሚጠበቅበት ቀን ሽማግሌዎቹ ሳያልፉ መመዝገብ ይገባዋል። ለዚህም ሥራ ከተማሪ የተሻለ ሰው አይገኝም። ትምህርት በሰኔ ሲዘጋ ተማሪው ወደ ልዩ ልዩ አገሩ ይበተናል፤ አንዱ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ አንዱ ወደ አሳይታ፣ አንዱ ወደ ነጌሌ። እያንዳንዱ በደረሰበት ስፍራ የሰኔን ጠባይና ስሙን ከአባቱና ከእናቱ ጠይቆ በደብተሩ ቢጽፍ፣ በመስከረም ስንሰበሰብ ማንም ቤተ መዛግብት ያልያዘው የአገር ታሪክ በእጃችን ይገኛል።